ጅማ ላይ የውጭ ልስን ሁለት ጊዜ ላለመክፈል

ጅማ የሚገኘው የብሎኬት ቤታችን የውጭ ልስን በሁለት ክረምት ውስጥ እየተሰነጠቀ በመውደቁ፣ ለጥገናና ለቀለም የማወጣው ገንዘብ ልስኑ መጀመሪያ ከፈጀው ጋር ሊስተካከል ተቃርቦ ነበር። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ፤ አንዱን ቁራሽ ፈልቅቄ ባየው ጀርባው እርጥብ ነበር፣ ፊቱን ደግሞ ወፍራም የፕላስቲክ ቀለም ሸፍኖታል።

ችግሩ የሲሚንቶው ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነበር። 1 ሲሚንቶ ለ 3 አሸዋ ሆኖ የተቦካው ልስን ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብም በቀለሙ በኩል ተንኖ ለመውጣት ይቸገራል። ስለዚህ አሮጌውን ልስን በሙሉ አስፍቄ፣ 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራና 6 የታጠበ አሸዋ አስቦክቼ፣ በ15 ሚሊ ሜትር ውፍረት በሁለት ዙር አስለሰንኩት። ግንበኛው «ጋሼ፣ ኖራ ለመቀባት እንጂ ለልስን ይሆናል እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ለ120 ካሬ ሜትር ግድግዳ 1.8 ሜትር ኩብ ያህል ሞርታር ሲያስፈልግ፣ የሲሚንቶው ፍጆታ ከ9 ኩንታል ገደማ ወደ 4 ተኩል ወረደ (ኖራው ግን የራሱ ዋጋ አለው)።

ሥራውን ዝናቡ ጋብ ሲል ማስጀመሬና ልስኑን ለጥቂት ቀናት ውኃ ማስጠጣቴ ብዙም አላስወጣኝም። ወጪ የጨመረብኝ አሸንዳው ነው፤ ሆኖም ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን ግርጌ ሲመታ እያየሁ ልተወው አልቻልኩም። ቀለሙንም በኖራ ተካሁት። በቀጣዩ ክረምት ሻጋታ የታየው በአንድ መስኮት ደፍ ሥር ብቻ ነው፤ እዚያም ደፉን ወደ ውጭ አስረዝሜ ውኃው ከግድግዳው ርቆ እንዲንጠባጠብ አደረግሁ።