በቅርስ አጠገብ የወጣቶች ሕንፃ ሲነደፍ

በባሕር ዳር መሐል፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ከፔድሮ ፓኤዝ ስም ጋር ተያይዞ የሚጠራ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ፓኤዝ በኢትዮጵያ የኖረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1603 እስከ 1622 ስለሆነ፣ ሕንፃው በእርግጥ የእርሱ ዘመን ሥራ ከሆነ ዕድሜው 400 ዓመት ገደማ ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቅርስ አጠገብ፣ ወይም በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ከቆመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ሥር፣ ወይም ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ባለው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ መዳረሻ ላይ፣ ለወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ወይም የሥልጠና ማዕከል እንዲነድፍ የታዘዘ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው አዲሱን ሕንፃ በመሣል ነው። በእኔ እምነት መጀመሪያ መሣል ያለበት በአሮጌውና በአዲሱ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው፤ ቅርሱን የሚያስከብረውም ወጣቱን ደጋግሞ የሚያመጣውም እርሱ ስለሆነ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

ከመለካት በፊት መቀመጥ

ሜትር ከመዘርጋቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን በቦታው ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱ የሥራ ቀን፣ ሁለተኛው የገበያ ቀን የሆነው ቅዳሜ፣ ሦስተኛው ደግሞ የቅርሱ የራሱ ቀን ይሁን። በጊዮርጊስ አካባቢ ለሚነደፍ ሥራ ይህ ቀን ወር በገባ በ23 ነው፤ ሚያዝያ 23 ከዋለ ደግሞ ንድፍ አውጪው በሌላ ቀን ሊገምተው የማይችለውን የሕዝብ ብዛት ያያል። በየግማሽ ሰዓቱ ማን የት እንደቆመ፣ የት እንደተቀመጠና ከየት ወዴት እንደሚሻገር በወረቀት ካርታ ላይ በነጥብ ይመዝገብ። በጠዋት፣ የጽዳት ሠራተኞች ሳይደርሱ፣ የለውዝና የሱፍ ልጣጭ የት የት እንደተጠራቀመ መመልከት ከብዙ መጠይቅ ይበልጣል፤ ልጣጩ ያለበት ቦታ ትናንት ማታ ሰው ሳይቸኩል የተቀመጠበት ቦታ ነውና።

እኔ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር ወጣቶች በተነጠፈ ሰፊ ሜዳ መካከል የማይቀመጡ መሆናቸው ነው። የሚቀመጡት በጥላው ጠርዝ ላይ፣ ጀርባቸውን ለግንብ ወይም ለዛፍ ግንድ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ አላፊ አግዳሚው አዙረው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ምንጭና ሐውልት ከመደርደር ይልቅ፣ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸውና ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ ሊያስቀምጡ የሚችሉ ሰፊ የድንጋይ ደረጃዎችን የት እንደምናኖር መወሰን ይሻላል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በዚህ ዕድሜ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም አለ፣ ባጃጅ የሚነዳም አለ፣ ልጅ ያዘለች እናትም አለች። ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ «ምን ትፈልጋላችሁ» ማለት የተለመደ ቢሆንም ብዙ አይጠቅምም፤ በስብሰባው የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃውን የሚጠቀሙት አይደሉምና። ካርታውን ይዞ ጀበና ቡና ወደሚጠጡበት ቦታ መሄድና «ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በየት በኩል አትሄዱም?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያመጣል። ይህን ጥያቄ በተለይ ለሴቶች ማቅረብ ይገባል፤ መብራትና መግቢያ የት መሆን እንዳለበት የሚወስነው የእነርሱ መልስ ነው።

የቅርሱ ባለቤትና የቅርሱ ወሰን

ቅርሱ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከሆነ ከማንኛውም ሥዕል በፊት አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን ማነጋገር ግድ ነው፤ አዲሱ ሕንፃም ከቅጥሩ ውጭ እንጂ ውስጥ አይታሰብም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገንና ለማደስ የቅርስ ባለሥልጣን ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቁፋሮ ጊዜ በአጋጣሚ የሚገኝ ቅርስም ለባለሥልጣኑ ሪፖርት መደረግ አለበት። ይህን የመጨረሻውን ግዴታ በሥራ ተቋራጩ ውል ውስጥ በግልጽ ማስፈር ብልኅነት ነው፤ አለበለዚያ ቆፋሪው ያገኘው የድንጋይ መሠረት በማግስቱ የመሙያ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ወሰን ስናስብ የጣና ክብ ቤተ ክርስቲያኖች ጥሩ አስተማሪዎች ናቸው። በዘጌ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄድ ሰው በጫካውና በቡናው መካከል አልፎ፣ በደጀ ሰላሙ ገብቶ፣ ግቢውን አቋርጦ ወደ ቅኔ ማሕሌቱ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ቅድስት፣ በመጨረሻም ለሁሉም የማይፈቀደው መቅደስ ይመጣል። ወደ ውስጥ በተጠጋ ቁጥር ድምፅ ይቀንሳል፣ እርምጃም ይዘገያል። ክብ ሕንፃ ይሠራ ማለቴ አይደለም፤ ሊወረስ የሚገባው ቅርጹ ሳይሆን የአቀራረቡ ሥርዓት ነው። ኳስ፣ ሙዚቃና ባጃጅ በውጨኛው ቀለበት ይሁኑ፤ ንባብና ጨዋታ በመካከለኛው፤ በቅርሱ ዙሪያ ደግሞ በዝግታ ከመራመድ በቀር ምንም አይኑር።

የቀለበቶቹን ስፋት ለመወሰን ቀላል ስሌት አለ። የሰው ዓይን አንድን ሕንፃ ከነሙሉ ቁመቱ ያለ ችግር የሚያየው ከቁመቱ እጥፍ በሚሆን ርቀት ላይ ሲቆም ነው። ከቁመቱ ጋር እኩል ርቀት ላይ ሲቆም የሚያየው የድንጋዩን አያያዝ ነው፤ ሦስት እጥፍ ሲርቅ ደግሞ ሕንፃውን ከነዛፉና ከነሰማዩ ያየዋል። ቅርሱ 8 ሜትር ቁመት ካለው እስከ 8 ሜትር ድረስ የእግር መንገድ ብቻ፣ 16 ሜትር አካባቢ መቀመጫዎቹ፣ ከ24 ሜትር በኋላ ደግሞ የአዲሱ ሕንፃ ግድግዳ ይሆናል ማለት ነው። ቦታው ጠባብ ሆኖ ይህን ያህል መራቅ ካልተቻለ፣ ቢያንስ ዋናው መንገድ በሚያይበት ወገን ይህ ርቀት ይጠበቅ፤ ጥበቱን ከጀርባ መሸከም ይቻላል።

ከፍታን በሚመለከት አዲሱ ሕንፃ ከቅርሱ የጣሪያ መነሻ በላይ ባይወጣ ይመረጣል። ይህን በኮምፒውተር ሥዕል ብቻ ማሳመን አይቻልም። በአዲሱ ሕንፃ አራት ማዕዘኖች ላይ የሚታሰበውን ቁመት ያህል ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨቶችን ተክሎ፣ ጫፋቸውን በቀለማማ ገመድ አገናኝቶ ለአንድ ሳምንት መተው ይበቃል። የሰፈሩ ሰው ሳይጠየቅ አስተያየቱን ይሰጣል፤ አንዳንዱም ንድፍ አውጪውን ያሳፍራል። እኔ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ ፎቅ ቀንሻለሁ።

ፀሐይ፣ ነፋስና ክረምት

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ከአናት በላይ ትውላለች፤ ከባዱ ሙቀት የሚመጣው ግን ጠዋት በምሥራቅና ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ከሚያገኘን ዝቅ ያለ ፀሐይ ነው። ከዓመታት በፊት በሐይቁ ዳርቻ ለአንድ የወጣቶች ማዕከል ባወጣሁት ንድፍ፣ የጀምበር መጥለቂያው ውበት አታሎኝ፣ የንባብ ክፍሉን ሰፊ መስኮቶች ወደ ምዕራብ አዞርኳቸው። ክፍሉ ተመርቆ ተከፈተ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ተማሪዎች ከትምህርት ወጥተው በሚመጡበት በዚያው ሰዓት፣ በጠረጴዛው ላይ ደብተር መግለጥ አልተቻለም። ልጆቹ በመጀመሪያ ጃኬታቸውን በመስኮቱ ላይ ሰቀሉ፤ በኋላ አስተዳደሩ መስታወቱን ነጭ ቀለም ቀባው። ዛሬ በዚያ ክፍል ውስጥ ጀምበርም ሐይቅም አይታይም።

ስለዚህ የሕንፃው ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይክፈቱ። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ቀን ቀን ከውኃው ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ በእነዚሁ መስኮቶች ይገባል፤ በትይዩ መክፈቻ እስካለ ድረስም አየር ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። በታኅሣሥ በቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ወደ 55 ዲግሪ ዝቅ ስለምትል፣ ከግድግዳው 1 ሜትር የሚወጣ ጣሪያ 1.4 ሜትር ያህል ወደ ታች ያጠላል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ፣ በዚያም በኩል አጠር ያለ ጥላ ያስፈልጋል።

በከተማው በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው በክረምት። 500 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ የሚያርፍበት ውኃ በዓመት ወደ 700 ሜትር ኩብ ይደርሳል ማለት ነው፤ ይህ ወደ ቅርሱ መሠረት ቢፈስስ ጥፋት፣ ወደ ታንከር ቢገባ የመጸዳጃ ቤቶቹ ውኃ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በሐምሌ ዝናብ ሲደበደብ በክፍሉ ውስጥ ያለ መምህር ራሱን እንኳ አይሰማም፤ ኮርኒሱ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የሚተው የመጀመሪያው ነገር ስለሆነ፣ እንዳይቀር በጽኑ መከላከል ይገባል።

መሠረት፣ ቦይና ኖራ

ሕንፃው ከቅርሱ ቢርቅም የቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ ቦይ ሳይታሰብ ይጠጋል። ከአሮጌው መሠረት ግርጌ ተነሥቶ በ45 ዲግሪ ወደ ውጭና ወደ ታች የሚወርድ መስመር በሥዕሉ ላይ ይሰመር፤ ማንኛውም ቁፋሮ ከዚያ መስመር በታች አይግባ። ከአሮጌው መሠረት 2 ሜትር የሚጠልቅ ቁፋሮ ቢያንስ 2 ሜትር ይርቃል ማለት ነው፤ በክረምት አብጦ በበጋ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ግን እኔ እጥፉን እይዛለሁ። የአፈር ምርመራ በግንቦት ብቻ ከተደረገ የከርሰ ምድር ውኃው ጠልቆ ስለሚገኝ ያሳስታል፤ የጣና ከፍታ በዓመት ውስጥ 1.5 ሜትር ገደማ ስለሚለዋወጥና ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ፣ የዳርቻው የምርመራ ጉድጓድ በዚያን ጊዜ እንደገና ይታይ።

አሮጌው ግንብ በኖራ የተያያዘ ከሆነ በሲሚንቶ መለሰንም ሆነ መደፈን የለበትም። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን ይዘጋዋል። በሲሚንቶ የተለሰነ አሮጌ ግድግዳ ሥር ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ ተነፍቶ፣ በጣት ሲመታ ባዶ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከኋላውም ኖራው እንደ ዱቄት ሲረግፍ ያገኘዋል። በተመሳሳይ ምክንያት እስከ ግድግዳው ድረስ ኮንክሪት ማንጠፍ ክልክል ይሁን፤ ግማሽ ሜትር ያህል ጠጠር ተትቶ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ንጣፍ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ከግድግዳው ይራቅ።

የአዲሱን መልክ በተመለከተ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ ስለ ቅርስ ጥገና የሚናገረው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ አዲስ ተጨማሪ ሥራ ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅና የዘመኑን ምልክት እንዲይዝ ይጠይቃል። በየከተማችን የፋሲልን ግንብ የሚመስል ጥርሳም አናት በብሎኬት ሠርቶ ቀለም መቀባት ተለምዷል፤ ከሩቅ ያማረ ይመስላል፤ ከአጠገቡ እውነተኛ ቅርስ ሲቆም ግን ሁለቱንም ያዋርዳል። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ፣ የአዊ ቀርከሃና ያልተለሰነ ኮንክሪት እንደ ራሳቸው ሆነው መታየት ይችላሉ።

በውስጥ የሚደራጁት ክፍሎች ብዙ ማብራሪያ አይሹም፦ ብዙ ሶኬት ያለው የንባብ ክፍል፣ የእጅ ሥራና የኮምፒውተር መለማመጃ፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በተለየና መብራት ባለው መግቢያ፣ ጆተኒና ፑል በጥላ ሥር በውጭ በኩል፣ የሙዚቃ ክፍል ከቤተ ክርስቲያኑ ተቃራኒ ወገን። ወደ እያንዳንዱ ክፍል በ12 ሜትር ከ1 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ያለው ራምፕ ያስፈልጋል። ትልቅ አዳራሽ ግን በመጨረሻ ይታሰብ፤ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ የሚከርመው ክፍል እርሱ ነው።

ግንባታው ሲጀመር በቅርሱ ላይ ባለው ስንጥቅ ሁሉ ላይ ትንሽ የጄሶ ልጥፍ ተደርጎ ቀኑ በእርሳስ ይጻፍበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ሥራው በዚያው ሰዓት ይቁም። በአቅራቢያው በሚነዝር ሮለር ምትክ በእጅ መደልደል ይዘገያል እንጂ ብዙ አያስወጣም። መብራቶችም በአሮጌው ግንብ ላይ አይቸነከሩ፤ ከመቀመጫዎቹ ሥር የሚወጣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን የሐይቁን ነፍሳት እምብዛም አይጠራም።

ሕንፃው ከተመረቀ በኋላ በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ንድፍ አውጪው ጃንጥላ ይዞ ቅርሱን ይዙር። ውኃው ከጠጠሩ ወደ ግድግዳው የሚመለስበት ቦታ ካለ በኖራ ምልክት አድርጎ፣ ሐምሌ ሳይገባ ቦዩን ያስተካክል።