ሰርቨር ውስጥ ገብቶ በእጅ መነካካትና ሌሎች የአንሲብል ጥፋቶች

ባሕር ዳር ተቀምጬ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉ ሰርቨሮችን በአንሲብል፣ ማለትም ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ በተጻፈ ትእዛዝ በሚያዋቅር መሣሪያ፣ አስተዳድራለሁ። አዳዲስ ልጆች ሲመጡ ደስ ይለኛል፤ ቶሎ ይይዛሉ። አንድ ነገር ላይ ግን ትዕግስቴ አልቋል፦ "ለጊዜው ነው" እያሉ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ በእጅ መነካካት።

የፍኖተ ሰላም ሰዎች "ስካን ያደረግነውን ሰነድ መጫን አቃተን" ብለው ደወሉ። የሚመጣው ስህተት 413 ነው፤ የተላከው ከተፈቀደው መጠን በልጧል ማለት ነው። ኢንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራሙ) ካልነገሩት በስተቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም። አንዱ ጎበዝ ልጅ በኤስኤስኤች ከርቀት ሰርቨሩ ውስጥ ገባ፣ የኢንጂንኤክስን ኮንፊገሬሽን ፋይል ከፈተ፣ ቁጥሩን ወደ 20 አሳደገና ሪሎድ አደረገ። ሠራ! ተመረቀ፣ ቡና ተጋበዘ። አንሲብል ያንን ፋይል የሚያወጣበትን ናሙና፣ ቴምፕሌቱን፣ ግን አልነካውም። ከሳምንታት በኋላ ሌላዋ ባልደረባችን ሰርተፍኬት ለመቀየር ይህንኑ ፋይል የሚያወጣውን ፕሌይቡክ (የአንሲብል የትእዛዝ ዝርዝር) ስታስኬድ፣ አንሲብል እንደ ታማኝ ሎሌ ፋይሉን ወደ ድሮው መለሰው። ቀኑን ሙሉ ኔትዎርክ ሲረገም ዋለ። እሷ "እኔ የነካሁት ሰርተፍኬት ብቻ ነው" እያለች ትምላለች፤ እውነቷን ነው።

ፓፔት የሚባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ቢሆን፣ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው ኤጀንቱ፣ ካልቀየሩት፣ በየ30 ደቂቃው እየመጣ ስለሚያስተካክል ጉዱ በዚያው ቀን ይወጣ ነበር። አንሲብል ግን ሰው እስኪያዘው ዝም ይላል፤ ጥፋቱም አድፍጦ ይቆይና ምንም የማያውቅ ሰው ላይ ይፈነዳል። ኧረ በእናታችሁ! ሲቸግር በእጅ አስተካክሉ፣ ማንም አይከለክልም፤ ግን የዚያኑ ቀን ቴምፕሌቱ ውስጥ አስገብታችሁ ጊት (የፋይሎች ለውጥ ታሪክ መያዣ) ላይ ኮሚት አድርጉ። ከማስኬዳችሁ በፊት ደግሞ በቼክና በዲፍ (ምንም ሳይቀይሩ በሚያሳዩት አማራጮች) እዩት፤ የትኛው መስመር ወጥቶ የትኛው እንደሚገባ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።

ሁሉን ነገር በሼል ሞጁል፣ ማለትም ተርሚናል ላይ የሚጻፍ ትእዛዝን እንዳለ በሚያስኬደው፣ መሥራትም አለ። ሼል ካልነገሩት በስተቀር ሥራው ቀድሞ ተሠርቶ እንደሆነ አያጣራም፤ በሄደ ቁጥር "ተቀይሯል" ይላችኋል፣ ስለዚህ እውነት የተቀየረው የቱ እንደሆነ አይለይም። በኤኮ መስመር እየጨመረ የሚሄድ ፕሌይቡክ አይቻለሁ፤ የስምና የአድራሻ መዝገብ የሆነውን የሆስትስ ፋይል ስከፍተው አንዷ አድራሻ ከላይ እስከ ታች ተደርድራለች። መስመሩ ከሌለ ብቻ የሚጨምር ላይንኢንፋይል የሚባል ሞጁል እያለ!

ፓስወርድ ጊት ላይ አታስቀምጡ፤ የሚመሰጥርላችሁ ቮልት አለ። አንዴ ከገባ ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ታሪኩ ውስጥ ይቀራልና ፓስወርዱን ራሱን ቀይሩት።

"ቡሬ" የሚል ሮል (የአንድ ሥራ ትእዛዞች ጥቅል) የጻፈም አለ። ሮል በሥራ እንጂ በከተማ አይከፈልም፦ ዌብ፣ ዳታቤዝ፣ ባካፕ። የቡሬ ልዩ ነገር ኢንቬንተሪው (የሰርቨሮቹ ዝርዝር) ላይ በቫሪያብል ይቀመጥ። አለበለዚያ ፎልደሩን እየገለበጣችሁ አንዱ ላይ ያስተካከላችሁትን ሌላው ላይ ትረሳላችሁ። ሦስት መስመር ሥራን ለአሥር ሮል መበተንም ያው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በመጨረሻ የሚወጣውን ማጠቃለያ አንብቡ። ስክሪኑ በአብዛኛው አረንጓዴ ሲሆን ሁሉም አለፈ ብለው ዘግተው የሚሄዱ አሉ። ማርቆስ መብራት ጠፍቶ ከሆነ እዚያ ያለችው ማሽን "አንሪቸብል" (ያልተደረሰባት) በሚለው ስር 1 ተብላ ተቆጥራለች፤ አንሲብልም ትቷት አልፏል። መብራት ሲመጣ በድሮው ኮንፊገሬሽን ነው የምትነሳው። ለእሷ ብቻ በሊሚት ደግማችሁ አስኪዱት።