ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ከጓሮዬ ጋር

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው ነገር አንድ ነው። ጓሮ እወጣለሁ። መኮትኮቻ አልይዝም፣ ውሃ ማጠጫም አላነሳም። ዝም ብዬ እዞራለሁ። ጎንበስ ብዬ ቅጠል ገልብጬ አያለሁ፣ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እሰካለሁ። ቢበዛ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጓሮዬ አራት ሜትር በሦስት ሜትር የምትሆን መሬት ናት። ከግድግዳው ሥር ደግሞ አፈር የተሞሉ ስድስት ባልዲዎች አሉኝ። አትክልተኝነት የተማርኩት በዚያች አሥር ደቂቃ ነው ብል አላጋነንኩም። ደስታውም ያለው እዚያው ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ ዙረት የመጣ ነው። የወር ስም አልጠራም። ዝናቡም ሙቀቱም በየቦታው ጊዜው ይለያያል። ምልክቱን ማየት ከቻላችሁ ወሩ ራሱ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ ፀሐይዋን ተከታተሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ ባጠቃላይ ፍሬ የሚሰጥ ነገር ሁሉ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ሰላጣና ቆስጣ ግን በአራት ሰዓትም ይኖራሉ። በግምት አትሥሩ። አንድ ቀን ቤት ስትውሉ፣ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ወደ ማምሻው እየወጣችሁ ጥላው የደረሰበት ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። ማታ ድንጋዮቹን ስታዩ የጓሯችሁ ካርታ ወጥቷል ማለት ነው። ወቅቱ ሲቀየር ድገሙት፤ የፀሐይዋ መንገድ ስለሚቀየር ጥላውም ቦታውን ይለውጣል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ቃሪያ እምቢ ያለኝ ጥግ ነበረኝ። ማዳበሪያ እጨምራለሁ፣ ውሃ እጨምራለሁ፣ ምንም የለም። ችግሩ ለካ አፈሩ ጋ አልነበረም። ድንጋይ ሳስቀምጥ ያ ጥግ ፀሐይ የሚያገኘው ለሦስት ሰዓት ብቻ ሆኖ ተገኘ። አሁን ሰላጣ ነው የተከልኩበት፤ ተስማምቶታል።

መደብ ስታወጡ ስፋቱን ከ1 ሜትር ከ20 አታሳልፉ። ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሐሉ ድረስ መድረስ አለበት። ዋናው ነገር መደቡ ላይ አለመርገጥ ነው። የተረገጠ አፈር አየር ያጣል፣ ውሃም አያሰርግም። ከመቆፈራችሁ በፊት አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡና በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ፍርክስክስ ካለ ሥሩ። እንደ ጭቃ ተጣብቆ ከቀረ ግን ሁለት ሦስት ቀን ታገሱ። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር የሚሆን ኮምፖስት ከላይ አልብሱት። ለመሬቱ ይኸው በቂ ነው። ስለ መሣሪያም ብዙ አትጨነቁ። መኮትኮቻ፣ መቀስና ውሃ ማጠጫ ካላችሁ ሌላው ይቆይ።

ብርዱ ለቀቅ ሲልና አፈሩ ጣት ላይ ቀዝቃዛ መሆኑን ሲተው፣ የዘር ጊዜ ደረሰ። በዓመቱ ውስጥ በጣም የምወደው ጊዜ ይሄ ነው።

ስለ ጥልቀት ሕጉ ቀላል ነው፤ ዘሩን የራሱን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ቅበሩት። ፎሶሊያ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ይወርዳል። የቲማቲም ዘር ግማሽ ሳንቲሜትር ይበቃዋል። የሰላጣ ዘር ደግሞ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ በስሱ አፈር ነስነስ አድርጉበት እንጂ አትቅበሩት። ቲማቲም ሞቅ ባለ ቦታ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ በሳምንት አካባቢ ብቅ ይላል። ካሮት ትዕግሥት ይፈትናል። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ላዩ መድረቅ የለበትም። እኔ የዘራሁበት መስመር ላይ እርጥብ ጆንያ እዘረጋለሁ፣ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮም ጠዋት ጠዋት ገልጬ አያለሁ። የመጀመሪያዋን አረንጓዴ ክር ባየሁበት ቀን ጆንያውን አነሳለሁ።

ልጄ አምስት ዓመቷ እያለ ፎሶሊያ አብረን ዘራን። በየቀኑ እየቆፈረች ታየው ነበር። "በቀለ ወይ?" ነው ጥያቄዋ። አልተቆጣኋትም፤ እኔም ብሆን ማየት እፈልጋለሁ። አንድ የመስታወት ብርጭቆ አመጣሁና ውስጡን በእርጥብ ሶፍት ሸፈንኩት። ሦስት ፍሬ ፎሶሊያ በሶፍቱና በመስታወቱ መሐል አስገባንላት። በአራተኛው ቀን ነጭ ሥር ብቅ አለ። ከዚያ ብርጭቆውን በጎኑ አስተኛችው። በማግስቱ ሥሩ እንደገና ወደ መሬት ታጥፎ አገኘችው። መልሳ አዞረችው፣ እሱም መልሶ ታጠፈ። ያን ሳምንት ሙሉ ከብርጭቆው አልተላቀቀችም። መደቡ ላይ ያለው ፎሶሊያ ሲወጣ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመጣው። በዝቅተኛ በር ጎንበስ ብሎ እንደሚገባ ሰው። ከወጣ በኋላ ቀና ይላል፤ ለሁለት የተከፈለችውን ፍሬ በራሱ ተሸክሞ። ልጅ ካላችሁ ይህን አሳዩአቸው። ባይኖራችሁም ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ችግኝ መስኮት አጠገብ የምታሳድጉ ከሆነ ወደ ብርሃኑ ያዘነብላል፤ በየቀኑ አዙሩት። ስታልፉ በመዳፋችሁ ጫፉን ዳበስ ዳበስ አድርጉት። ንፋስ እንደነካው ሁሉ ግንዱ አጠር ወፈር ብሎ ይጠነክራል። ወደ ውጭ ስታወጡት ግን ቀስ በቀስ ይሁን። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ሥር፣ በማግስቱ ሁለት ሰዓት፣ እንዲህ እያላችሁ ከሰባት እስከ አሥር ቀን አለማምዱት። አንድ ዓመት ቸኩዬ ሃያ የቲማቲም ችግኝ በመጀመሪያው ሞቃት ቀን ከቤት አውጥቼ ተከልኩ። ማምሻውን ቅጠሉ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ፀሐይ አቃጥሎት ነው። አሥራ አራቱ አልተነሱም። ልቤ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ የምተክለው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፣ ችግኙ ሌሊቱን አርፎ እንዲያድር። ቲማቲምን ደግሞ እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ቅበሩት። የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል።

ከዚያ ዝናብ ይመጣል። ከደረቅ ቀናት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የሚመጣውን ሽታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጂኦስሚን የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ የዝናብ ጠብታ አፈሩን ሲመታው ወደ አየር ይበተናል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያ ሽታ አፈሩ በሕይወት እንዳለ የሚነግረኝ ይመስለኛል።

በዝናብ ጊዜ ሥራው ማረም ነው። ብዙ ሰው ማረም ይሰለቻል። እኔ ግን ዝናብ ባባራ ማግስት፣ አፈሩ ለስልሶ እያለ ማረም ዕረፍት ይሆንልኛል። አረሙን ከሥሩ ጠጋ ብላችሁ ይዛችሁ በቀስታ ሳቡት። ሥሩ ሳይበጠስ ረጅም ሆኖ ሲወጣ እጅ ላይ የሚሰማው ስሜት አለ፣ ሞክሩት። አበባ ሳይዝ ንቀሉት፤ ዘር ካራገፈ የሚቀጥሉትን ዓመታት ስታርሙ ትኖራላችሁ። ሌላው በዝናብ ጊዜ የማደርገው የቲማቲሙን የታች ቅጠሎች መቁረጥ ነው። ጠብታው አፈር እያፈናጠቀ ቅጠሉ ላይ በሽታ ስለሚያወጣ፣ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ይሁን። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ካለ ቦይ ቅደዱለት። ቀንድ አውጣ ከበዛ ማምሻውን በባትሪ ውጡና በእጅ ልቀሙት። ሁለት ሦስት ማታ ይበቃል።

ሙቀቱ ሲበረታ ነገሩ ሁሉ ውሃ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በየቀኑ ላዩን ማርከፍከፍ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። በሳምንት ሁለቴ ወይም ሦስቴ፣ ግን በደንብ፣ አፈሩ ወደ ታች እስኪጠጣ አጠጡ። ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል። መቼ እንደሆነ የሚነግራችሁ ጣታችሁ ነው። እስከ ሁለተኛው አንጓ ስኩት። ጫፉ ላይ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ባልዲ ላይ ያለው ግን ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ መታየት አለበት። ቀትር ላይ የዱባ ቅጠል ጠውልጎ ብታዩ አትደንግጡ፤ ራሱን ከሙቀት እየጠበቀ ነው። ጠዋትም እንደጠወለገ ካገኛችሁት ግን ጠምቶት ሊሆን ይችላል፤ ጣታችሁን ሰክታችሁ አረጋግጡ። ጠዋት መውጣት ያስፈለገው ለዚህም ነው።

አፈሩን ራቁቱን አትተዉት። ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ጉዝጓዝ አድርጉለት፣ ግንዱን ሳይነካ። እርጥበቱ ይቆያል፣ አረሙም ይቀንሳል። ቲማቲም ከታች በኩል ጠቁሮ ሲሰረጉድ ብዙዎች በሽታ ነው ብለው ይረጫሉ። ብዙ ጊዜ ግን ውሃው አንዴ በዝቶ አንዴ ስለሚጠፋ ካልሲየም ወደ ፍሬው ሳይደርስ ቀርቶ ነው። ጉዝጓዙና የተስተካከለ ውሃው ያድነዋል።

ረጅም የሚሆን ቲማቲም ካላችሁ በቅጠሉና በግንዱ መሐል፣ ልክ እንደ ብብት ባለው ቦታ፣ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ጣት ሳያክል በእጃችሁ ቀንጥሱት። ከጨረስኩ በኋላ ጣቶቼ አረንጓዴና ቢጫ ይሆናሉ። ስታጠብ ውሃው ራሱ ቢጫ ይሆናል። ሽታው እስከ ማታ ድረስ እጄ ላይ ይቆያል። የዚያ ወቅት ሽታ ለእኔ እሱ ነው።

ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት ቅጠል ሥር ተሰብስቦ ካያችሁ መድኃኒት ለመርጨት አትሩጡ። መጀመሪያ በውሃ ግፊት አራግፉት። ከዚያ ጥቂት ቀን ጠብቁ። ቀይዋን፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛ ሁሉም ሰው ያውቃታል። ልጆቿን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጥቁር፣ ሹልና ብርቱካናማ ምልክት ያለባቸው፣ ትንሽ አዞ የመሰሉ ናቸው። ስታዩዋቸው ጠላት ይመስሏችኋል፤ ግን ክሽክሹን የሚበሉላችሁ እነሱ ናቸው። እኔም ሳላውቅ ስንቱን ጨፍልቄያለሁ። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ፎሶሊያ ማፍራት ሲጀምር በየሁለት ቀኑ ልቀሙት። ፍሬው ተክሉ ላይ ካረጀ ማበቡን ያቆማል። ሰላጣ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይነካው ይቆረጥ፤ ያኔ ነው ጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሸው። ከመሐሉ ረዘም ብሎ መውጣት ከጀመረ ግን ሙቀቱ ወደ አበባ ወስዶታል፣ ይመርራል። ሁለት ሦስቱን ለንብ ተዉላት።

ብርዱ ሲመለስ ጓሮው ፀጥ ይላል። ያለቀውን ፎሶሊያ አትንቀሉት፣ ከመሬቱ ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡት። አንዱን ብቻ ነቅላችሁ ሥሩን እዩ። ትንንሽ እብጠቶች አሉበት። በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ገና ሥራ ላይ የነበረ ከሆነ ውስጡ እንደ ሥጋ ሮዝ ነው። ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙት ባክቴሪያዎች ቤት ይህ ነው። ሥሩ እዚያው ሲበሰብስ ቀጥሎ ለሚተከለው ይተርፈዋል። በፎሶሊያው ቦታ ጎመን አስከትሉ። ቲማቲም የነበረበት ላይ ግን ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችም ሆነ ደበርጃን አትመልሱ። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታቸውም አንድ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ይረፍ።

የወደቀውን ቅጠል ሁሉ ወደ ኮምፖስቱ ውሰዱት። ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ አንድ እጅ እርጥብ ልጣጭና አረንጓዴ ነገር። እርጥበቱ እንደተጨመቀ ስፖንጅ ይሁን። ክምሩ በየጎኑ አንድ ሜትር ያህል ከሆነ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። በብርድ ጠዋት ስገለብጠው እንፋሎት ይወጣዋል። እጄን ጠጋ አድርጌ እሞቃለሁ። መጥፎ ሽታ ካለው እርጥቡ በዝቷል፤ ደረቅ ቅጠል ጨምሩና ገልብጡት።

ዘር የማስቀምጠው ዓመቱን ሙሉ በደንብ ካፈራው ተክል ነው። ከሱቅ በዲቃላነት የተሸጠ ዘር ልጁ እናቱን ላይመስል ስለሚችል ተራውን ምረጡ። በደንብ የበሰለ ቲማቲም ፍሬውን ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ጭመቁት። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ይለቃል። እጠቡት፣ ሳህን ላይ አድርቁት፣ ወረቀት ውስጥ ጠቅልሉት። ስሙንና ዓመቱን መጻፍ እንዳትረሱ። እኔ አንዳንዱ ላይ የተከልኩበትን ጥግም እጽፋለሁ።

የመጨረሻው ሥራዬ ነጭ ሽንኩርት ነው። ራሱን ፈልቅቄ ትልልቆቹን ፍሬዎች እመርጣለሁ። ሹሉን ወደ ላይ አድርጌ 5 ሳንቲሜትር እቀብራቸዋለሁ፤ በመሐላቸው 15 ሳንቲሜትር። ሌላው ሁሉ ተነቅሎ ባዶ በሆነው መደብ ላይ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ስወጣ ጉዝጓዙን ወግተው የወጡ አረንጓዴ ጫፎችን እቆጥራለሁ። ባለፈው ጊዜ አርባ ተክዬ ሠላሳ ስምንቱን አገኘኋቸው። ሁለቱ ደግሞ ከሳምንት በኋላ መጡ።