በሚቆራረጥ ኔትወርክ ላይ ሰርቨሮችን በራፍት ማስማማት

መልእክት በሚጠፋበት፣ በሚዘገይበትና በሚደጋገምበት ኔትወርክ ላይ ሰርቨሮች በአንድ የትእዛዝ ቅደም ተከተል እንዲስማሙ ለማድረግ፣ ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን አውስተርሃውት በ2014 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትን ራፍት የተባለውን ስልት እመክራለሁ፤ በዚህ ስልት ሰርቨሮቹ በድምፅ አንድ መሪ ይመርጣሉ፣ የትእዛዞቹንም ቅደም ተከተል መሪው ይወስናል።

በመጀመሪያ የሰርቨሮቹን ቁጥር ጎዶሎ ያድርጉ። ውሳኔ የሚጸናው በአብላጫ ስለሆነ 5 ሰርቨሮች የ2ቱን መውደቅ ይቋቋማሉ፤ 4 ሰርቨሮች ግን፣ ልክ እንደ 3ቱ፣ የአንዱን መውደቅ ብቻ ስለሚቋቋሙ አራተኛው ወጪ እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰርቨር የመሪው ድምፅ ሲጠፋበት አዲስ የመሪ ምርጫ ከመጥራቱ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ በዘፈቀደ፣ ለምሳሌ ከ150 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ባለው ክልል ውስጥ እንዲወሰን ያድርጉ፤ ሁሉም እኩል ከጠበቁ በአንድ ጊዜ ለመሪነት ተወዳድረው ድምፁ ይከፋፈላል። ሰርቨሮቹ በተራራቁ ከተሞች የሚገኙ ከሆነ ይህ ክልል ጠባብ ነውና፣ መልእክት ደርሶ ከሚመለስበት ጊዜ ብዙ እጥፍ እንዲበልጥ ያስፉት።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ስለ ዲስኩ ነው። አንድ ሰርቨር ድምፁን ከመስጠቱ በፊት የምርጫ ዘመኑን ቁጥር (በየአዲሱ ምርጫ የሚጨምረውን ተራ ቁጥር) እና የመረጠውን እጩ በኤፍሲንክ (fsync)፣ ማለትም መረጃው በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲጻፍ በሚያስገድደው ትእዛዝ፣ ዲስኩ ላይ ማጽናት አለበት። ይህ ከተዘለለ፣ በ7ኛው ዘመን ለሰርቨር ሀ ድምፅ የሰጠ ሰርቨር መብራት ጠፍቶበት ሲነሳ የሰጠውን ረስቶ በዚያው ዘመን ለሰርቨር ለ ሊደግም ይችላል፤ ያን ጊዜ በአንድ ዘመን ሁለት መሪዎች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ጸንቷል የተባለ መረጃም ሊጠፋ ይችላል።

አዲስ መሪም ከቀድሞ ዘመን የተረፈን መዝገብ (በቅደም ተከተሉ የተጻፈ አንድ ትእዛዝ) በአብላጫው ሰርቨሮች ላይ ስላገኘው ብቻ እንደጸና አይቁጠረው፤ በቅድሚያ በራሱ ዘመን አንድ ባዶ (ምንም የማያዝ) መዝገብ ጽፎ በአብላጫ ሲያጸና የቀድሞውም አብሮ ይጸናል።