ማይክሮስቴት እንዴት ይቆጠራል?

ማይክሮስቴት ማለት ቅንጣቶች ወይም ኢነርጂ የሚደለደሉበት እያንዳንዱ የተለየ መንገድ ነው። ቀመሩን ለጊዜው ተዉት። ወረቀት አውጡና ትንሽ ምሳሌ በእጃችሁ ቁጠሩ፦ ሁለት ቅንጣቶች፣ ሦስት ማረፊያዎች። ማረፊያ ስል ቅንጣቱ ሊይዘው የሚችለውን የኳንተም ሁኔታ ማለቴ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ እንበላቸው።

ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ መልሱ። ቅንጣቶቹ አንዱ ከሌላው ይለያሉ? አንድ ማረፊያ ላይ ሁለት ሆነው ማረፍስ ይችላሉ?

የሚለያዩና አብረው ማረፍ የሚችሉ ከሆኑ ነገሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ምርጫ አላቸው፤ 3 × 3 = 9። አለቀ።

ጣጣው የሚመጣው የማይለያዩ ሲሆኑ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ «ቦታ ቢለዋወጡ ለውጥ የለውም፤ ለ2! (ሁለት ፋክቶሪያል፣ 2 × 1 = 2) ላካፍል» ይላል። 9 ለ2 ሲካፈል 4.5 ይመጣል። ግማሽ ማይክሮስቴት ደግሞ የለም! የት ጋ ተበላሸ? ዘጠኙንም ዘርዝሯቸው። ሀለ እና ለሀ፣ ሀሐ እና ሐሀ፣ ለሐ እና ሐለ፤ እነዚህ ስድስቱ ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ ተካፍለው 3 ይሆናሉ። ሀሀ፣ ለለ እና ሐሐ ግን ድሮም የተቆጠሩት አንዴ ብቻ ነው። እነሱን ማካፈል ያለጥፋታቸው መቅጣት ነው።

ስለዚህ ቅንጣቶቹ እንደ ፎቶን ያሉ ቦዞኖች (አብረው ማረፍ የሚችሉ) ከሆኑ 3 + 3 = 6። እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ፌርሚዮኖች ከሆኑ አብረው ስለማያርፉ 3 ብቻ። «አንድ ኦርቢታል (አቶም ውስጥ ያለ የኤሌክትሮን ማደሪያ) እኮ ሁለት ኤሌክትሮን ይይዛል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን ስፒን የሚባለው የኳንተም ባሕርያቸው ስለሚለያይ ማረፊያቸውም ሁለት ተብሎ ይቆጠራል።

ታዲያ መማሪያ መጻሕፍት ለምን በፋክቶሪያል ያካፍላሉ? ማረፊያው ከቅንጣቱ እጅግ ሲበዛ መደራረብ ብርቅ ስለሚሆን ነው። ማረፊያዎቹን 100 አድርጉና ሞክሩት፦ በማካፈል 5,000፣ ለቦዞን 5,050፣ ለፌርሚዮን 4,950። ተቀራረቡ። በክፍል ሙቀት ላለ አየር አቋራጩ ያዋጣል። ብረት ውስጥ ላሉ ኤሌክትሮኖች ግን እንዳትነኩት።

የሚከፋፈለው ኢነርጂ ከሆነ ነጥብና ዘንግ ሳሉ። 4 ኳንታ (የማይከፈሉ የኢነርጂ እሽጎች) ለ3 ኦሲሌተር (የሚርገበገቡ ነገሮች) ለማከፋፈል አራት ነጥብ፣ ሁለት ዘንግ ይበቃል። ሦስት ዘንግ የሚስል ብዙ ነው፤ ለሦስት ለመክፈል ግን ሁለት አጥር በቂ ነው። ከ6 ቦታ 2ቱን ለዘንግ መምረጥ 15 መንገድ አለው።

ቁጥሩ ሲያድግ አብዛኛው ካልኩሌተር ከ69! በኋላ ኤረር ይላል። ያኔ ከፋክቶሪያሉ ጋር አትታገሉ፤ የትልቅ ፋክቶሪያልን ግምት በሚሰጠው በስተርሊንግ ቀመር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙን አስሉ። ከማይክሮስቴቶች ብዛት የሚሰላው ኢንትሮፒ የሚፈልገውም ሎጋሪዝሙኑ ነው።