ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፦ ኢንሹራንሱ የማይከብድ ያገለገለ መኪና እንዴት ይመረጣል

ከለገጣፎ መገናኛ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው መኪና የሚመኘው ለቅንጦት አይደለም። የጠዋቱ ሰልፍ፣ የሐምሌው ዝናብ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ታክሲ ጠፍቶ ከልጅ ጋር መቆም ያስመርራል። ስለዚህ ዕቁብ ይጥላል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ ከዚያ ደላላ ጋ ደውሎ "ርካሽ ነገር ፈልግልኝ" ይላል። ኢንሹራንስ ትዝ የሚለው ብሩ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ነው።

እኔም የመጀመሪያዋን መኪናዬን የገዛሁት እንደዚሁ ነው። ኢንሹራንስ ስገባ ወኪሉ "ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው፣ ክፍያው ይቀንስልሃል" አለኝ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። በክረምት አንድ ማታ ጭቃ ላይ ተንሸራትቼ የኮንክሪት ምሰሶ ገጨሁ። ኮፈኑ ተጣጠፈ፣ ራዲያተሩ ፈሰሰ፣ አንዱ የፊት መብራት ብትንትኑ ወጣ። ኩባንያው የከፈለኝ የጥገናውን ግማሽ ብቻ ነው። ምክንያቱን ወደታች አስረዳለሁ፣ ምክንያቱም የብዙ ሰው ገንዘብ የሚቀልጠው እዚያ ጋ ነው።

1. ሁለቱን ኢንሹራንሶች ለዩ

የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገ ነው፣ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስቲከርም የሱ ምልክት ነው። ዋጋው የሚወሰነው በመኪናው ዓይነትና በሚሰጠው አገልግሎት ስለሆነ ቪትዝ ገዛችሁ ኮሮላ ብዙም አያስጨንቅም። ግን የሚሸፍነው እናንተ የጎዳችሁትን ሰውና ንብረት ነው። የራሳችሁ መኪና ቢጨፈለቅ አምስት ሳንቲም አታገኙም።

ሙሉ ሽፋን የሚባለው፣ ብዙ ሰው ኮምፕርሄንሲቭ የሚለው፣ የራሳችሁን መኪና ይጨምራል። ከባዱ ወጪ እሱ ነው። አረቦኑ፣ ማለትም በየዓመቱ ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ገንዘብ፣ የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ ላይ በመቶኛ ነው፣ የመኪናው ዕድሜና አገልግሎቱም ይታያል። እንበል መኪናው 1,200,000 ብር ያወጣል፣ ኩባንያው ደግሞ 3 በመቶ አለ። በዓመት 36,000 ብር ነው፣ በወር 3,000 ማለት ነው። መቶኛው ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፣ ሒሳቡ ግን እንደዚህ ነው የሚሠራው። በወር ለነዳጅ ከመደባችሁት ጎን ይሄንንም ጻፉት። ካልቻላችሁት መኪናው አቅማችሁ አይደለም ማለት ነው፣ ወይም በሦስተኛ ወገን ላይ እሳትና ስርቆትን ብቻ የሚጨምረውን መካከለኛ ሽፋን ጠይቁ።

2. መኪና ሳታዩ ኢንሹራንስ ቢሮ ሂዱ

ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል፣ ግን በጣም የሚጠቅመው ይሄ ነው። ሦስት የምታስቧቸውን መኪኖች ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት ጨምሩ። ከኢትዮጵያ መድን ድርጅት ጀምሮ እስከ አዋሽ፣ ኒያላ፣ ኅብረት ድረስ ካሉት ቢያንስ ሦስቱ ጋ ግቡ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይሄን ዕድሜ ያለው መኪና ሙሉ ሽፋን ትሰጡታላችሁ ወይ? አረቦኑ ስንት ነው? ኤክሰሱስ?

ኤክሰስ ማለት አደጋ በደረሰ ቁጥር ከራሳችሁ ኪስ የምትከፍሉት ድርሻ ነው። አረቦኑ ርካሽ ሆኖ ኤክሰሱ ትልቅ ከሆነ፣ ትንንሽ ግጭቶችን በሙሉ ራሳችሁ ናችሁ የምትጠግኑት። በእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ብዙው ግጭት ትንንሽ ነው።

መኪናው በጣም ካረጀ ወይ ሽፋኑን ይከለክሏችኋል፣ ወይ ጭማሪ ይጠይቃሉ፣ ወይ ዕቃ ሲቀየር የእርጅና ተቀናሽ ይቆርጣሉ። የ80ዎቹን ዲኤክስ ኮሮላ የሚወድ ሰው አውቃለሁ፣ እኔም እወዳታለሁ፣ ለመጠገን የምታክላት የለችም። ግን ሙሉ ሽፋን የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ጠይቁ።

3. መለዋወጫው የትም የሚገኝ መኪና ምረጡ

ኩባንያው ከአደጋ በኋላ ከጋራዦች ፕሮፎርማ (የጥገና ዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበስባል። ዕቃው የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ከሞላ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ዕቃው ከዱባይ ተጠብቆ የሚመጣ ከሆነ መኪናችሁ ጋራዥ ውስጥ ወራት ትቆማለች፣ እናንተም ወደ ታክሲው ሰልፍ ትመለሳላችሁ።

ለዚህ ነው ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ዋጋቸው የማይወርደው። ሱዙኪ ዲዛየርም ጥሩ ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ዱከም ይገጣጠሙ የነበሩት ሊፋኖች ሲገዙ ይረክሳሉ። ዕቃቸውን ግን ሰፈራችሁ ያለውን መካኒክ ሳትጠይቁ አትግቡበት።

አሁን ያገለገለ መኪና ለምን ተወደደ ለምትሉ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ መለዋወጫው አብሮ ዘለለ። ያለው መኪና ያው ያለው ነው፣ ፈላጊው ግን በዝቷል።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚያስብ ደግሞ አንድ ነገር ለብቻው ይጠይቅ፦ ባትሪው በሽፋኑ ውስጥ አለ ወይ፣ በምን ሁኔታ? የመኪናው ትልቁ ዋጋ እሱ ነውና።

4. መኪናውን በቀን፣ በደረቅ ሰዓት፣ ከመካኒክ ጋር እዩ

ማታ ወይም በዝናብ መኪና አትዩ። ውኃ ያረፈበት ቀለም ሁሉ ያምራል። የታጠበ ሞተርም ዘይት ማፍሰሱን አያሳይም።

ባለፈው የጎረቤቴ ልጅ ቱሉ ዲምቱ አንዲት ብርማ ቪትዝ ሊያይ ሄዶ አብሬው ነበርኩ። ከሩቅ አዲስ ትመስላለች። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። የግራውን በር ነካሁት፣ ያዘ። ከኋላ ጎማ በላይ ያለውን ላሜራ ስነካው ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ትንሽ ወረድ አድርጌ ሞከርኩ፣ አሁንም ወደቀ። ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ ነው ያለው። ሻጩ "ትንሽ ጭረት ነበረች" አለ። የኋላ ኮፈኑን ከፍተን ምንጣፉን ስናነሳው ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበት ላሜራ ተጨማዶ፣ በመዶሻ ተቃንቶ፣ በየቦታው ተበይዷል። ጭረት እዚያ ድረስ አይደርስም። ልጁ ትቷት ሄደ።

ይሄ ከኢንሹራንስ ጋር ምን አገናኘው? ኩባንያው ሽፋን ከመስጠቱ በፊት መኪናውን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል። የቆየ ጉዳት ካገኘ ይመዘግበዋል፣ ያን ቦታ በኋላ አይከፍልም።

ስለ ቪትዝ ሌላም አለ። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነው፣ ጃፓን ውስጥ መሪ በቀኝ ነው። ቪትዝ ተብሎ የተጻፈበት መኪና መሪው በግራ ከሆነ፣ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ጥሩ የተገለበጠ አለ፣ በጥድፊያ የተገለበጠም አለ። ዳሽቦርዱን በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉ፣ የሚንጋጋ ከሆነ ተጠራጠሩ። ኤርባጉ መኖሩን መካኒኩ ያረጋግጥ። ስትነዱት መሪውን ለቀቅ ስታደርጉት ወደ አንድ ወገን ይጎትታል ወይ? ፍሪሲዮኑስ? ካምቢዮ ካለው በዳገት ላይ ሞክሩት፣ እንጦጦ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ጣፎ አካባቢ ያሉት ዳገቶች ይበቃሉ።

ለእኛ ሰፈር ደግሞ ከሥሩ አጎንብሳችሁ እዩ። ዝቅ ያለ መኪና ሥሩን በየድንጋዩ ይመታል። የዘይት መያዣውና ማርሚታው ላይ የተበየደ ነገር ካለ የመንገዱን ታሪክ ይነግራችኋል።

5. ሊብሬው ላይ አትቸኩሉ

የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። አንድ ፊደል ቢለይ አትግዙ። ኩባንያውም አደጋ ሲደርስ የሚያየው ያንኑ ቁጥር ነው።

ዕዳና እገዳ ከመንገድ ትራንስፖርት ይጣራ። በባንክ ዕዳ የተያዘ መኪና ሊሆን ይችላል። በጣም የረከሰ መኪና ካገኛችሁ ደግሞ ከቀረጥ ነፃ የገባ እንዳይሆን ጠይቁ፣ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርላችሁም። ከአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች የሚገዛ ሰው ፋይሉ የት እንዳለ አስቀድሞ ይወቅ፣ ፋይል ማዘዋወር ቀናት ይወስዳል።

ቀብድ የሚከፈለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ በጽሑፍና በምስክር። በሕጋችን ቀብድ ሰጪው ከቀረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ውሉን ውልና ማስረጃ ፈርሙ። "ውክልና ልስጥህና ንዳው" ለሚል ሻጭ እሺ አትበሉ፣ መኪናው በሌላ ሰው ስም ሆኖ ካሳ መጠየቅ ራስ ምታት ነው።

የሻጩ ስቲከር መስታወቱ ላይ አለ ብላችሁም አትዘናጉ። ውሉ በሱ ስም ነው። ስሙ በዞረበት ቀን ኩባንያው ጋ ሄዳችሁ አዛውሩ ወይም አዲስ ግቡ። አደጋ ሳያደርስ በመቆየቱ ያገኘው ቅናሽም የሱ ነው፣ የእናንተ ከዜሮ ይጀምራል።

6. ዋጋውን በትክክል አስጽፉ

እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። መኪናው ገበያ ላይ 1,200,000 ብር እያወጣ እናንተ በ600,000 ካስገባችሁት፣ ኩባንያው የግማሹን ጉዳት ራሳችሁ ልትሸከሙ እንደተስማማችሁ ይቆጥራል። 200,000 ብር የሚያስጠግን አደጋ ቢደርስ የሚከፍላችሁ 100,000 ነው፣ ከሱም ላይ ኤክሰስ ይቀንሳል። አረቦን ላይ 18,000 ብር አተረፍኩ ያለ ሰው በአንድ ማታ መቶ ሺህ ያጣል።

አብዝቶ ማስጻፍም አይጠቅምም፣ ከገበያ ዋጋው በላይ አይከፍሉም። ትክክለኛው የዛሬ ዋጋ ይጻፍ፣ በየዓመቱ ሲታደስም ይከለስ። በ2015 በገባበት ዋጋ እስከዛሬ የሚያድስ ሰው ዛሬውኑ ይደውል።

7. ለምን እንደምትጠቀሙበት እውነቱን ተናገሩ

የቤት መኪና ብላችሁ አስገብታችሁ ጠዋት ከአያት መገናኛ በሂሳብ ሰው ከጫናችሁ፣ አደጋ ቢደርስ ሽፋኑ ሊቀር ይችላል። ራይድ ወይም ፈረስ በሚባሉት የስልክ ታክሲዎች ልትሠሩበት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ አረቦኑ ይጨምራል፣ ግን ይከፍላል። ማን እንደሚነዳውም ተናገሩ። መንጃ ፈቃዱን ያላደሰ ወንድም ነድቶ ቢያጋጭ ክርክር ነው።

ስፖኪዮና ፍሬቻ ብቻ ቢሰረቅ ይሸፈናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ማታ ግቢ ለማያስገባ ሰው ወሳኝ ጥያቄ ነው። ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ኩባንያዎቹ ቢኤስጂ የሚሉት ተጨማሪ ሽፋን አለ፣ ሽፍታና የታጠቀ ቡድን ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ወደ ክፍለ ሀገር ቤተሰብ የሚጠይቅ ሰው ዋጋውን ይስማ።

ውሉን ከፈረማችሁ በኋላ ፎቶ ኮፒውን ከኩባንያው የአደጋ ስልክ ጋር መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። የመኪናውን አራቱንም ጎን በዚያው ቀን በስልካችሁ አንሱት፣ ፎቶው ላይ ቀን ይኑረው። ግጭት ከደረሰ ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣና የአደጋው ፕላን (ንድፍ) ሳይነሳ መኪናውን አታንቀሳቅሱ፣ ወዲያው ደግሞ ለኩባንያው ደውሉ። የጎረቤቴ ልጅ በመጨረሻ ሰበታ አንዲት ያሪስ አገኘ። ማግኔቱን እኔ አልያዝኩለትም፣ ራሱ ገዝቶ ነበር።