ሙቀት ክፍል ከገባ ሕፃን ጋር እንዴት መቀራረብ ይቻላል

ልጄ በ31ኛው ሳምንት፣ 1400 ግራም ሆና ተወልዳ ሙቀት ክፍል ስትገባ፣ እንዳልጎዳት ብዬ በመስታወቱ ማዶ ቆሜ ማየትን መርጬ ነበር። ቤተሰብም «አራስ ናት፣ ትተኛ» እያለ ፍርሃቴን አጠናከረው። እናት ከአልጋ መነሳት ካልቻለች አባት ቀድሞ ይግባ እንጂ ሕፃኑ ብቻውን መሰንበት የለበትም።

ከመግባትዎ በፊት ቀለበትና ሰዓት አውልቀው እጅዎን እስከ ክርን በሳሙና ይታጠቡ። ከዚያም ሳይነኩት በፊት በዝግታ ያነጋግሩት፤ የእናቱን ድምፅ ከማህፀን ጀምሮ ያውቀዋል።

ከባዱ ነገር አነካኩ ነው። አራስ ልጅ ስናባብል መደባበስና መታ መታ ማድረግ ልማዳችን ነው፤ ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን ግን ይህ ከአቅሙ በላይ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ቀን ክንዷን በጣቴ ጫፍ ስደባብሳት ጣቶቿን በታተነች፣ ሰውነቷን ወደ ኋላ ወጠረች፣ የኦክስጅን መለኪያውም ጮኸ። አልወደደችኝም ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሳልነካት ቀረሁ፤ እነዚያ ሁለት ቀናት እስከ ዛሬ ይቆጩኛል። በኋላ አንዲት ነርስ «መዳፍሽን አሙቂና ዝም ብለሽ አሳርፊባት» አለችኝ። አንዱን መዳፌን በጭንቅላቷ ዙሪያ፣ ሌላውን በታጠፉት እግሮቿ ላይ ሳልጫን፣ ሳላንቀሳቅስም አኖርኩ፤ ጥቂት ቆይቶ ትንፋሿ ሲረጋጋ ከመዳፌ ሥር ተሰማኝ። እጅዎን ሲያነሱም አንድ በአንድ ይሁን። ሕፃኑ ቢያስነጥስ፣ ደጋግሞ ቢያዛጋ ወይም ፊቱን ቢያዞር ደክሞኛል ማለቱ ሊሆን ስለሚችል እንቅስቃሴዎን ያቁሙ፤ የቆዳው ቀለም ከተለወጠ ግን ወዲያው ነርስ ይጥሩ።

ቀጥሎ ገላ ለገላ መታቀፍ ነው። ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ዘዴ በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ የሕፃናት ማሞቂያ እጥረት በመኖሩ ምክንያት ዶክተር ኤድጋር ሬይ የጀመሩት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጥ መክሯል። ቱቦዎቹን ነርሷ ትያዝልዎት። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ በደረትዎ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፉ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አገጩ ደረቱን ሳይነካ ቀና ይበል፣ አየር የሚገባው እንዲህ ሲሆን ነውና። ነጠላ ቶሎ ስለሚላላ እኔ የሚለጠጥ ጨርቅ እመርጣለሁ፤ የላይኛው ጠርዝ ከጆሮው ሥር ይድረስ፣ ሆዱን ግን አያጥብቀው። ማንሳትና መመለስ ስለሚያደክመው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። የአባትም ደረት እንዲሁ ያሞቃል።

ሕፃኑ መጥባት ባይችልም እናት እሱ ከተወለደ ጀምሮ ባሉት ሰዓታት፣ በቀን 8 ጊዜ ያህል ጡቷን ትለብ፤ ለጥቂት ጠብታ እንገር ከማለቢያ መሣሪያ ይልቅ እጅ ይሻላል። በቱቦ ሲመገብም ሲሪንጁን እርስዎ እንዲይዙ ነርሷን ይጠይቁ፤ እኔ በዘጠነኛው ቀን ስይዘው ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።